ከባኞ ሽፋን ሥር የታቆረ ውሃ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቤት ጥገና ዓምድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአሮጌው ባኞአችን ቅብ ስለተላላጠ ከጥቂት ዓመታት በፊት በላዩ የአክሪሊክ ሽፋን አስገጥመንበት ነበር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንከን አልነበረበትም። አሁን ግን መሐሉ ላይ ስቆም ወለሉ ወደ ታች ይረግብና እግሬን ሳነሣ መልሶ ይነሣል፤ ከሥሩም ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። ታጥቤ ከወጣሁ ከብዙ ሰዓት በኋላ እንኳ በተረከዜ ጫን ሳደርገው በማፍሰሻው ቀለበት ዙሪያ ጠቆር ያለ ውሃ ብቅ ይላል። ባለቤቴ ዙሪያውን በሲሊኮን ብንደፍነው ይበቃል ባይ ነው፤ እኔ ግን ውሃው ውስጥ እያለ መድፈኑ ልክ አልመሰለኝም። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ትክክል ነውና ሲሊኮኑ ለጊዜው ይቆይ። ዙሪያው ከተደፈነ በኋላ ውስጥ የቀረው ውሃ መውጫ ያጣል። አክሪሊኩም ሆነ ከሥሩ ያለው አሮጌ ገንዳ ውሃ የማይመጥጡ፣ አየርም የማያሳልፉ በመሆናቸው በራሱ ጊዜ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ባለቤትዎ ያሰቡት ሥራ መሠራቱ አይቀርም፤ ተራው ግን የመጨረሻው ነው። አስቀድሞ ውሃው ይወጣል፣ ቀጥሎ የገባበት ቀዳዳ ይፈለጋል፣ ከዚያ ውስጡ ይደርቃል፣ መድፈኑ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች የምረዳው አብዛኛው ሰው ከመጨረሻው እንደሚጀምርና ከወራት በኋላ ያንኑ ድምፅ እንደገና እንደሚሰማ ነው።

ሽፋኑ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ለፍለጋው ይጠቅማል። አክሪሊኩ ወይም ፒቪሲው በሙቀት ለስልሶ የገንዳን ቅርጽ እንዲይዝ የተደረገ፣ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ቅርፊት ነው። ከአሮጌው ገንዳ ጋር የሚያያዘው በሁለት ፊቱ በሚያጣብቅ ፕላስተርና በመስመር በመስመር በሚፈስ ማጣበቂያ ነው። ስለዚህ በማጣበቂያው መስመሮች መካከል ሁልጊዜ ስስ ክፍተት ይኖራል። እንዲህ ያለ ስስ ክፍተት ውሃን ወደ ውስጥ የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ በጠርዝ በኩል የሚገባው በጠብታ የሚቆጠር ቢሆንም ቀስ በቀስ ወደ መሐል ይሰራጫል። በላዩ ሰው በቆመ ቁጥር ደግሞ ወለሉ ወደ ታች ተጭኖ ውሃውን ይገፋዋል፤ እግር ሲነሣ ተመልሶ ከፍ ሲል ከጠርዙ አዲስ ውሃ ይስባል። እርስዎ የሰሙት መንቦጫረቅ ይህ ነው፤ ቆይቶም ማጣበቂያውን ራሱን እያላቀቀ ክፍተቱን የሚያሰፋው ይኸው እንቅስቃሴ ነው።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። አክሪሊክ ሲሞቅ ከብረት ይልቅ በብዙ እጥፍ ይለጠጣል። ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ሽፋን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ባይጣበቅ ኖሮ ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝም ነበር፤ ከሥሩ ያለው የብረት ገንዳ ግን በዚያው ልክ ቢሞቅ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው የሚረዝመው። ሙቅ ውሃ በተሞላ ቁጥር ይህን ልዩነት የሚሸከመው ማጣበቂያውና የጠርዙ ሲሊኮን ነው። በጥሩ ሁኔታ የተገጠመ ሽፋን እንኳ ከዓመታት በኋላ ጠርዙ ላይ የሚከፈተው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ውሃው የሚገባባቸው በሮች ጥቂት ናቸው፦ የማፍሰሻው ቀለበት፣ የትርፍ ውሃ መውጫው ሽፋን፣ ሽፋኑ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ አልፎ አልፎም በአክሪሊኩ ላይ የተፈጠረ የፀጉር ያህል ስንጥቅ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ማፍሰሻው ነው፤ ምክንያቱም በታጠቡ ቁጥር ውሃው ሁሉ የሚያልፈው በእሱ ላይ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማፍሰሻው የገንዳው ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ከላይ በግድግዳው መስመር የገባ ውሃም ተንሸራቶ የሚጠራቀመውና ሲጫኑት የሚወጣው እዚያው ነው። በቀለበቱ ዙሪያ ውሃ መታየቱ ማፍሰሻው ጥፋተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃውን የሚሰጠው ወደ ኋላ የምገልጸው የቀለም ሙከራ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ገንዳው ከዛሬ ጀምሮ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አይታጠቡበት። የማፍሰሻው ማጣሪያ በቡሎን የተያዘ ከሆነ በካቻቢቴ ይፈታል። ከሥሩ የሚታየው የመስቀል ቅርጽ ያለው ቀለበት ለዚሁ በተሠራ መፍቻ፣ ካልተገኘም የፒንሳ እጀታዎችን በመስቀሉ ክፍተቶች ከትቶ በመጠምዘዝ ወደ ግራ ይፈታል። ከመፍታትዎ በፊት ግን ከገንዳው ሥር ያለውን፣ ቀለበቱ የሚጠመድበትን የቧንቧ ክርን (የታጠፈውን መገጣጠሚያ) የሚደግፈው ነገር መኖሩን ያረጋግጡ። በጎን በኩል መፈተሻ በር ካለ አንድ ሰው ከሥር ይያዘው ወይም እንጨት ይደገፍለት። ክርኑ ቀለበቱ ሲለቀው ዝቅ ካለ በእሱና በገንዳው መካከል ያለው የጎማ ማሸጊያ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። ዝገት ይዞት አልፈታ ያለ ቀለበት ካጋጠመዎት በጉልበት አይሞክሩት፤ ቀለበቱ ቢሰበር ወይም የክርኑ ጥርስ ቢበላ ከሥር የሚጠብቅዎት ሥራ ብዙ ነውና ለቧንቧ ሠራተኛ ይተዉት።

ቀለበቱ ሲነሣ በቧንቧው አፍ ላይ ጨርቅ ይወትፉ፤ ቡሎን ወይም የሲሊኮን ቁራጭ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ከዚያም የእጅ ባትሪ አብርተው ጠርዙን ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ከላይ የነጩ ሽፋን ጠርዝ፣ ከሥሩ ደግሞ የአሮጌው ገንዳ ጠርዝ በግልጽ ይታያል፤ በሁለቱ መካከል ጥቁር መስመር፣ አንዳንዴም የሚያሟልጭ ዝቃጭ ይኖራል። ሽፋኑን በጣትዎ ጫን ሲያደርጉት ከዚያ መስመር ውሃ ከወጣ ክፍተቱ በእርግጥ እስከ ጠርዙ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። በአግባቡ የተገጠመ ቢሆን ኖሮ እዚያ የሚታየው ሁለቱን ያገናኘ ያልተቋረጠ ሲሊኮን ነበር። ሽፋኑን ሲገጥሙ ይህችን ቦታ ዘለው ቀለበቱን ብቻ አጥብቀው የሚሄዱ ሠራተኞች መኖራቸው ያሳዝናል፤ ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ውሃውን ለማውጣት ውሃ መሳብ የሚችል ቫኪዩም ያስፈልጋል። ለደረቅ ቆሻሻ ብቻ የተሠራው ተራ ቫኪዩም ለሰውም ለራሱም አደገኛ ስለሆነ አይሞከርም። ሞተሩ ከባኞ ክፍሉ ውጪ ተቀምጦ ቱቦው ብቻ ይግባ፤ የሚሰካበትም ሶኬት ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ያለው ይሁን። የቱቦውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከክፍተቱ ጋር አጥብቀው ያስጠጉት። ሌላ ሰው በባዶ እግሩ ከማፍሰሻው ራቅ ካለው ጫፍ ጀምሮ በዝግታ እየረገጠ ወደ ማፍሰሻው ይምጣ። መጀመሪያ የሚወጣው ጠቆር ያለና የሚሸት ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ጓንትና መነጽር ማድረግ ከዚህ የተነሣ ነው። ረገጣውና መሳቡ ውሃ መምጣት እስኪያቆም ይደጋገማል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ። በአንድ በኩል ብቻ ክፍት የሆነ ክፍተት አየር ስለማይዘዋወርበት ቫኪዩሙ የሚጠባው ደጁ ላይ ያለውን ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ የትርፍ ውሃ መውጫውን ሽፋን ይፍቱ፤ ከማፍሰሻው በተቃራኒ ባለው ጫፍም ከግድግዳው ጋር ያለውን አሮጌ ሲሊኮን በከተር አንድ ስንዝር ያህል ከፍተው ያንሱት። በዚያ የገባው አየር ሽፋኑን ከሥር ሥሩ አልፎ በማፍሰሻው ሲወጣ ቀሪውን እርጥበት ይዞት ይሄዳል።

አሁን የቀለም ሙከራው ይደረግ። ቀለበቱን ወደ ቦታው መልሰው በእጅ ብቻ ያጥብቁት፤ በቧንቧው አፍ የነበረውን ጨርቅ ማውጣት አይርሱ። ማፍሰሻውን ዘግተው፣ ግድግዳውን ሳያረጥቡ፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውሃ ይሙሉበት፤ የምግብ ቀለም ጥቂት ጠብታ ጨምረው ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት። ውሃው ከፈሰሰና ላዩ በደንብ ከተወለወለ በኋላ ቀለበቱ ተፈቶ ክፍተቱ ሲጫን ቀለም ያለው ውሃ ከወጣ ጥፋቱ በማፍሰሻው ወይም ከውሃው መስመር በታች በሚገኝ ስንጥቅ ነው። የውሃው ከፍታ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ክዳኑ ራሱ ወደ ቧንቧው አሳልፎት ሊሆን ይችላል። ቀለም ካልታየ የከፈቱትን የሲሊኮን ቦታ በፕላስተር ሸፍነው በእጅ የሚያዘውን ሻወር ውሃ በግድግዳው መስመር ላይ በየተራ፣ አንዱን ጎን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ሳይሄዱ፣ ያፍስሱበት። ከዚያም አንድ ኩባያ ውሃ በትርፍ ውሃ መውጫው ዙሪያ ያፍስሱና ይጠብቁ። አሰልቺ ነው፤ ያለዚህ ሙከራ የሚደረገው ሁሉ ግን ግምት ይሆናል።

ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ የሙከራውን ውሃ መልሰው ይሳቡና ሁሉም ቀዳዳ እንደተከፈተ ማራገቢያ ወደ ክፍተቱ አዙረው ቀናት ይስጡት። የፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ወይም የቀለም መላጫ ትኩስ አየር አይጠቀሙ፤ አክሪሊክ በሙቀት የተቀረጸ ነገር ስለሆነ በሙቀት ይጣመማል። መድረቁን ለማወቅ የለስላሳ ወረቀት ቁራጭ አጥፈው በቀጭን ነገር ወደ ክፍተቱ ያስገቡና አሳድረው ያውጡት። ወረቀቱ ደርቆ ከወጣ፣ ሲረገጥም ድምፅ ከሌለ፣ ለመድፈን ጊዜው ደርሷል። እርጥብ ሆኖ ከወጣ ሌላ ሌሊት ይጨመርለት።

ሲደፈን የሁለቱም ጠርዝ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይደርቃል። አሴቶንና ቲነር አክሪሊክን ስለሚያደበዝዙና ስለሚያሰነጥቁ አይቅረቡት። በሽፋኑና በአሮጌው ገንዳ መካከል ሲሊኮን ገብቶ ክፍተቱ ዙሪያውን ይሞላል፤ በቀለበቱ ከንፈር ሥርም እንዲሁ ያልተቋረጠ ሲሊኮን ይደረጋል። በልማድ ማፍሰሻ ለመግጠም የሚያገለግለው ዘይትነት ያለው ስቱኮ ዘይቱ ፕላስቲክ ስለሚጎዳ ለዚህ አይሆንም። ከገንዳው ሥር ያለው የጎማ ማሸጊያ ያረጀ ከሆነ በዚሁ አጋጣሚ ይቀየር። ቀለበቱ ከተጠበቀ በኋላ ዙሪያውን ሲሊኮን እኩል ተጨምቆ ከወጣ ሥራው ተሳክቷል፤ በአንድ በኩል ብቻ ከወጣ ተፈቶ ይደገማል።

የባለቤትዎ ተራ አሁን ነው። የግድግዳው መስመር ሲደፈን አሮጌው ሲሊኮን አንድም ሳይቀር ተፍቆ ይነሣ፤ አዲስ ሲሊኮን በደረቀ አሮጌ ሲሊኮን ላይ አይዝም። ከዚያ ገንዳውን ውሃ ሙልት ያድርጉት። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት 1 ኪሎ ነውና 150 ሊትር የሚይዝ ገንዳ 150 ኪሎ ይጫነዋል፤ ሽፋኑ በዚህ ክብደት ዝቅ ሲል በግድግዳውና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት እስከሚችለው ድረስ ይከፈታል። በዚህ ሁኔታ የተሞላ ሲሊኮን ወደፊት ሰው ሲገባበት አይለጠጥም፣ አይቀደድም። ሻጋታ የሚከላከል ንጹህ ሲሊኮን ይምረጡ፤ ከሞሉት በኋላ በረጠበ ጣት አንድ ጊዜ ብቻ ያለስልሱትና ውሃውን ሳያፈሱ ቢያንስ 24 ሰዓት ይተዉት።

ይህ ሁሉ የሚያዋጣው ሽፋኑ በአብዛኛው ቦታው አሁንም የተጣበቀ ከሆነ ነው። ውሃው ከወጣ በኋላም ወለሉ ከዳር እስከ ዳር የሚረግብ፣ ጎኖቹን በጣት አንጓ ሲመቱት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ማጣበቂያው አልቆለታል። በየቀኑ የሚንቀሳቀስ ሽፋን የትኛውንም ሲሊኮን ስለሚቀድደው እንዲህ ያለውን መጠገን ገንዘብ መጣል ነው፤ ይነሣ።

ጥያቄ፦ በእኛ ቤትም ተመሳሳይ ችግር አለ። አንድ ባለሙያ ሽፋኑን በትራፓኖ በስተን ውሃውን እናወጣና ቀዳዳውን እንደፍናለን፤ ከዚያም ባዶው ቦታ በሚነፋ ፎም ይሞላል ብሎናል። ይህን ማድረግ ተገቢ ነው?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ስለሆኑ ለየብቻቸው ልመልስ። መብሳቱ ቀለበቱ ፈጽሞ አልፈታ ሲል ወይም ውሃው ከማፍሰሻው በተለየ ጉድጓድ ውስጥ ተቋጥሮ ሲገኝ ሊታሰብ ይችላል። አደጋው የመሰርሰሪያው ጫፍ ሽፋኑን አልፎ አሮጌውን ገንዳ ሲነካ ነው። የአሮጌው ገንዳ ቅብ ይሰነጠቃል፣ ብረቱ ለዝገት ይጋለጣል፤ ገንዳው ራሱ ከተበሳ ደግሞ ውሃው ወደ ቤቱ ወለል መንገድ አገኘ ማለት ነው። ባለሙያው ይህን ካደረገ በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ ይጠቀም፤ ውሃ ባለበት ቦታ ገመድ ያለው አይገባም። በመሰርሰሪያው ጫፍ ላይም ከሽፋኑ ውፍረት በላይ እንዳይዘልቅ ፕላስተር ጠምጥሞ ምልክት ያድርግበት። አንድ ቀዳዳ ብቻም አይበቃም፤ ከአንዱ ሲሳብ በሌላው አየር መግባት አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሚቀረው ጠባሳ ነው። ቀዳዳው ሁለት ነገር ተቀላቅሎ በሚጠነክር የአክሪሊክ መጠገኛ ተሞልቶ በስስ የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የሚታየው ግን ሁልጊዜ ነው፤ ወለሉ የሚረግብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። ሽፋኑ ዋስትና ካለው ደግሞ ከመበሳቱ በፊት የውሉን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ገጣሚው ያልፈቀደው ቀዳዳ ዋስትናውን ሊያሳጣዎት ይችላል።

ፎሙን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ያልወጣ ከሆነ ፎሙ ውሃውን በኪስ በኪስ ከፋፍሎ ያፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ቫኪዩምም ሆነ ማራገቢያ አይደርስበትም። ቢደርቅ እንኳ ተራው ፎም ሲነፋ ያለው ግፊት ቀላል አይደለም። ወለሉን ወደ ላይ አጉብጦ ውሃ ወደ ማፍሰሻው እንዳይወርድ ያደረገ ፎም ከሽፋኑ ጋር ካልሆነ በቀር አይነሣም። የትኛው ቀዳዳ ውሃውን እንዳስገባው ሳይነግርዎት ስለ ፎም የሚያወራ ባለሙያ ካጋጠመዎት ሌላ ሰው ቢያማክሩ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ከሽፋኑ ሥር መጥፎ ሽታ ስለመጣብኝ በማፍሰሻው ጠርዝ በኩል በረኪና አፈሰስኩበት። ለሁለት ቀን ጠፋና ተመለሰ። ቀጥዬ የኖራ ማስለቀቂያ አሲድ ልሞክር ነበር፤ እህቴ ግን ጠይቂ አለችኝ።

መልስ፦ እህትዎ ባያስቆምዎት ኖሮ ነገሩ ከሽታ ያለፈ ይሆን ነበር። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል፤ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝም እንዲሁ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። በጠባብ ባኞ ክፍል ውስጥ ይህ ሳንባ ይጎዳል። ኮምጣጤም አሲድ ስለሆነ በዚሁ ይቆጠራል። ከሽፋኑ ሥር የገባው በረኪና ታጥቦ ስለማይወጣ፣ ካፈሰሱት ቀናት ቢያልፉም እዚያው አለ ብለው ያስቡ፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ሌላ ምንም ነገር አያፍሱ።

ሽታው ለምን ተመለሰ ቢሉ፣ ሻጋታው የሚኖርበት እርጥበት ስላልተነካ ነው። ሻጋታ እርጥብ በሆነ ነገር ላይ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ማደግ ሊጀምር ይችላል፤ ከሽፋን ሥር ደግሞ ሙቀትም ጨለማም የሳሙናና የሰውነት ቅባት ዝቃጭም ስላለለት የሚጎድለው ነገር የለም። በረኪናው የነካውን ገድሎ ይሆናል፤ በረኪናው ራሱ ግን በአብዛኛው ውሃ ነው፣ እርጥበት ጨመሩለት ማለት ነው። ብረትንም ያዝጋል። መስኮቱን ከፍተው፣ ጓንት አድርገው፣ ከላይ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ በገለጽኩት መንገድ ውሃውን ይሳቡትና ያድርቁት። በቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ በዚያን ሰዓት ከአካባቢው ይራቅ፤ ቫኪዩሙ ከኋላው የሚያወጣው አየርም ወደ ውጭ እንዲሄድ ይደረግ።

በዚህ መካከል አንድ ቀላል ምርመራ ያድርጉ። ሽታው የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ከሆነና ወለሉ ሲረገጥ ምንም ድምፅ ከሌለው ምናልባት የሚሸተው ከሽፋኑ ሥር ያለው ሳይሆን የፍሳሹ ቧንቧ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ገንዳ የሲፎኑ (ሽታ እንዳይመለስ ውሃ የሚይዘው የቧንቧ መታጠፊያ) ውሃ ይደርቅና የፍሳሽ ሽታ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሰው ሽታው ከጠፋ ሽፋኑን መንካት አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ከባኞአችን በታች ባለው ክፍል ኮርኒስ ላይ ቢጫ እድፍ ታየ። የሽፋኑ ውሃ ነው?

መልስ፦ ሊሆን የሚችለው አሮጌው ገንዳ የተበሳ ወይም የዛገ ከሆነ፣ አለበለዚያም ውሃው ከሽፋኑ ሥር ተጉዞ በማፍሰሻው የጎማ ማሸጊያ በኩል ወደ ታች ካመለጠ ነው። በሁለቱም መንገድ ጉዳዩ ከሽፋን አልፏል። ገንዳውን ዛሬውኑ መጠቀም ያቁሙና መፈተሻ በሩን ከፍተው፣ አንድ ሰው ከላይ ውሃ ሲያፈስ እርስዎ ከሥር ማሸጊያውን በደረቅ ለስላሳ ወረቀት ጠርገው ይመልከቱ። ወረቀቱ ከረጠበ ማሸጊያው ነው። ወረቀቱ ደርቆ ቆይቶ ሰው ሲገባበት ብቻ ከረጠበ ክርኑ ላልቷል ወይም ገንዳው ራሱ ይንቀሳቀሳል። በኮርኒሱ ላይ ያለው እድፍ እየሰፋ ከሆነ ወይም ኮርኒሱ ወደ ታች ከጎበጠ ከሥሩ አይቁሙ፤ በአቅራቢያው ያለውን የመብራት መስመርም ከቆጣሪው ላይ ያጥፉት።

ጥያቄ፦ የእኛን ሽፋን ለማንሣት ወስነናል። ራሳችን ልናነሣው እንችላለን? አሮጌውንስ ገንዳ መልሰን ልንጠቀምበት እንችላለን?

መልስ፦ ማንሣቱ ከባድ እንጂ ረቂቅ ሥራ አይደለም። የማፍሰሻውና የትርፍ ውሃ መውጫው ቀለበቶች ይፈታሉ፣ የግድግዳው ሲሊኮን ይቆረጣል፤ ከዚያ ሽፋኑ በወለሉ መሐል ርዝመቱን ተከትሎ ጥልቀቱ በተወሰነ የኤሌክትሪክ መጋዝ ለሁለት ይከፈላል። ከሥሩ ውሃ ሊኖር ስለሚችል መጋዙ በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ ውሃውም አስቀድሞ ይሳብ። ግማሹ በእንጨት ቁራጭ እየተፈነቀለ ወደ መሐል ይታጠፋል። የተቆረጠ አክሪሊክ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ወፍራም ጓንት ይልበሱ፤ የአቧራና የሻጋታ መከላከያ ጭምብልም አይቅር።

አሮጌው ገንዳ የሚያገለግል መሆኑ የሚታወቀው ከተገለጠ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ሽፋኑ እንዲይዝ ተብሎ ላዩ ተፍቆ ወይም በአሲድ ሻክሮ ይገኛል፤ እንዲህ ከሆነ አዲስ ቅብ ሳይቀባ አይታጠቡበትም። ማጣበቂያው የሚነሣው በፕላስቲክ መፋቂያ ነው። የቆዩ ገንዳዎች ቅብ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፤ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት። ዝገቱ በላዩ ብቻ ከሆነ ይጠገናል። በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካ የሚበሳ ቦታ ካለው ግን ገንዳው ራሱ ይቀየር፤ በዛገ ገንዳ ላይ ሁለተኛ ሽፋን ማስገጠም አይመከርም።